ብሪታንያ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ በሚገባው የውጭ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ላይ የጣለችው ቀረጥ በግማሽ ከተቀነሰ የቅኝ ግዛቶቹ ነጋዴዎች ለምን ተቆጡ?

የተቆጡት የ1764ቱ ቀረጥ የምር ሊሰበሰብ በመሆኑ ነው። አንተ ያነጻጸርከው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1733 በጋሎን 6 ፔንስ፣ በ1764 ደግሞ 3 ፔንስ። የቦስተንና የኒውፖርት ነጋዴዎች ግን ያንን 6 ፔንስ የከፈሉት ከስንት አንዴ ነው። በካሪቢያን ካሉት የፈረንሳይ ደሴቶች የጫኑትን ሞላሰስ ለጉምሩክ ሹሙ ጉቦ እየሰጡ ያስገቡት ነበር። አዲሱ ሕግ ግን የባሕር ኃይል መርከቦችንና ያለ ጁሪ (ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች) የሚፈርድ ፍርድ ቤት አስከትሎ መጣ።

የፈረንሳዮቹ ሞላሰስ የረከሰው ፈረንሳይ ብራንዲዋን እንዳይሻማ ብላ የቅኝ ግዛቶቿን ሩም (ከሞላሰስ የሚሠራ የአልኮል መጠጥ) ከገበያዋ ስላገደች ነው። ኒው ኢንግላንዶች (ቦስተንና ኒውፖርት ያሉበት አካባቢ ሰዎች) ርካሹን ገዝተው ሩም ጠመቁበት።

ኒው ኢንግላንዶች በዚህ ንግድ ስለሚልኩት ዓሣ ግን ተጠንቀቅ። እኔ ይህን ንግድ ማጥናት ስጀምር ጨው የተደረገበትን ኮድ ዓሣ በሙሉ ወደ ካሪቢያን «ልኬው» ሒሳቤ ሁሉ ተበላሽቶብኝ ነበር። ምርጡ የሚሄደው ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ነበር። የተሰባበረው፣ በደንብ ያልደረቀው ውዳቂ ነበር በስኳር እርሻዎቹ ላይ በባርነት ለሚሠሩት ሰዎች ቀለብ የሚላከው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ አታስላቸው።