ከኮሌጅ በፊት የሚገኝ አንድ የቅርጫት ኳስ ዓመት፦ ለማን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ሲሆን ከትምህርት መልስ ፔዳ ግቢ እየሄደ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። አሜሪካ የሚኖር የባለቤቴ ዘመድ የጨዋታውን ቪዲዮ ለሁለት ፕሮግራሞች ልኮለት፣ ሁለቱም ፖስት ግራድ ለሚሉት አንድ ዓመት እንቀበለዋለን ብለዋል። አንደኛው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ የወጪውን አብዛኛውን ክፍል ሸፍኖ 18 ሺህ ዶላሩን ቤተሰብ ይክፈል ይላል። ሁለተኛው ራሱን አካዳሚ ብሎ የሚጠራ ሲሆን ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጥ ነግሮናል፤ ሆኖም ቦታ ለመያዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ 1,500 ዶላር እንድንልክ ጠይቋል። ልጄ ያደላው ወደ ሁለተኛው ነው። ቀድሞ እንኖርበት በነበረው ወረዳ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር በ2016 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ ሳይማር መቅረቱንም ልንገርዎ። የትኛውን እንምረጥ? የዩኒቨርሲቲ ምደባ ቢደርሰውስ፣ የቪዛው ነገር እስኪለይ እዚሁ ተመዝግቦ ቢማር ጉዳት አለው?
(እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ 1,500 ዶላሩን እንዳይልኩ ነው። ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ። ነገር ግን የትኛውን እንምረጥ ከሚለው በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ልጅዎ ይህን ተጨማሪ ዓመት በእርግጥ ይፈልገዋል ወይ፣ የኮሌጅ ስፖርት ደንቡስ ይህን ዓመት ያለ ቅጣት ይፈቅድለታል ወይ የሚለው ነው።

ፖስት ግራድ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ተማሪ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በመሰናዶ ትምህርት ቤት የሚያሳልፈው አንድ የትምህርት ዓመት ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ባሉት የኒው ኢንግላንድ ግዛቶች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በቅርጫት ኳስ ስማቸው ከሚነሳው መካከል የኒው ሃምፕሻየሩ ብሩስተር አካዳሚና የፍሎሪዳው አይኤምጂ አካዳሚ ይገኙበታል። ተማሪው በዚያ ዓመት ሰውነቱን ያጠነክራል፣ እንግሊዝኛውን ያሻሽላል፣ የኮሌጅ አሠልጣኞችም ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር ሲጫወት ያዩታል። ከአፍሪካ በመሰናዶ ትምህርት ቤት በኩል አልፎ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ሰው የለም አይባልም፤ ካሜሩናዊው ፓስካል ሲያካም በቴክሳስ አንድ አነስተኛ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ቆይቶ ወደ ኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤንቢኤ በተባለው የሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ፣ ቶሮንቶ ራፕተርስ የተባለው ቡድን በ27ኛ ምርጫ ወሰደው። ስለዚህ መንገዱ እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉም ተጫዋች የሚሆን መንገድ አይደለም።

ብዙ ወላጆች ይህ ዓመት የትምህርት ውጤትን ለማሻሻል የተዘጋጀ ይመስላቸዋል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ከሦስቱ የውድድር ደረጃዎቹ ከፍተኛው በሆነው በዲቪዥን አንድ ለመጫወት 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ከ4.0 ቢያንስ በ2.3 አማካይ ውጤት ማጠናቀቅን ይጠይቃል፤ ከ16ቱ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፣ ከ10ሩ ውስጥም 7ቱ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ መሆን ይኖርባቸዋል። ተማሪው በጊዜው ከተመረቀ በኋላ ሊጨምር የሚችለው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ ፕሮግራም “ውጤቱ ዝቅ ቢልም እኛ ዘንድ መጥቶ ያስተካክለዋል” ካለ፣ ዲቪዥን አንድን በሚመለከት ተስፋው ባዶ ነው። ዲቪዥን ሁለት 2.2 የሚጠይቅ ሲሆን በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጣል፤ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት የወሰዳቸውን ተጨማሪ ትምህርቶች ይቆጥርለታል። ዛሬ ማታ የልጅዎን የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ካርዶች ጠረጴዛ ላይ አውጥተው እነዚህን ትምህርቶች አብራችሁ ቁጠሩ። ከማንኛውም አሠልጣኝ ጋር ከምታደርጉት ንግግር ይህ ይቀድማል።

አሁን ወደ 2016 ዓ.ም. ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ይህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከብድ ነውና። ኤንሲኤኤ ጊዜ የሚቆጥረው ከ9ኛ ክፍል መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ልጅዎ 9ኛ ክፍልን በ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከሆነ በመደበኛው አካሄድ መጨረስ የነበረበት በ2017 ዓ.ም. ነበር። ዲቪዥን አንድ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ከሚጠበቅበት የምረቃ ጊዜ በኋላ የአንድ ዓመት ፋታ ይሰጣል፤ ያ ካለፈ በኋላ በተደራጀ ውድድር የሚጫወትበት እያንዳንዱ ዓመት ከኮሌጅ የመጫወቻ ዘመኑ አንድ ዓመት ይቀንስበታል፣ የመጀመሪያውን የኮሌጅ ዓመትም ሳይሰለፍ እንዲያሳልፍ ሊያስገድደው ይችላል። ልጅዎ የፋታውን ዓመት እዚሁ 12ኛ ክፍል ተቀምጦ እየጨረሰው ነው። ስለዚህ ለሌሎች ልጆች ያለ ዋጋ የሚገኘው የፖስት ግራድ ዓመት ለእርሱ ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል። ዘመድዎም ሆነ ሁለቱ ፕሮግራሞች ይህን አለማንሣታቸው ያሳዝነኛል።

እንዲህም ሆኖ በሩ አልተዘጋም። ትምህርት የተቋረጠው ከልጁ ፈቃድ ውጭ መሆኑ በማስረጃ ከተደገፈ፣ የሚቀበለው ኮሌጅ በስሙ ለኤንሲኤኤ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከቀድሞው ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደተዘጋ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ አሁኑኑ ያስጽፉ፤ ኃላፊዎች ይቀያየራሉ፣ ፋይልም ይጠፋል። እነዚህ ደንቦች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ልጁ በሚያመለክትበት ዓመት የጸናውን ከኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል በቀጥታ በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ሁለቱን ፕሮግራሞች በተመለከተ፣ ልጅዎ ለምን ወደ ሁለተኛው እንዳደላ ይገባኛል፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚል ቃል ሰምቶ ቤተሰቡን ከወጪ ማዳን የማይወድ ልጅ የለም። ነገር ግን አንድ የውጭ አገር ተማሪ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ አሜሪካ ለመማር፣ ትምህርት ቤቱ ከአገሪቱ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች ፕሮግራም የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ስም መንግሥቱ በከፈተው ዝርዝር ውስጥ በነጻ ይገኛል። ፈቃድ የሌለው አካዳሚ ተማሪው ቪዛ ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ የቅበላ ቅጽ መስጠት አይችልም፤ ያለ አይ-20 ደግሞ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ትርጉም የለውም። አንዳንድ አካዳሚዎች ኳሱን እነርሱ እያሠለጠኑ ትምህርቱን በኢንተርኔት ከሌላ ቦታ ይገዛሉ፤ እዚህ ላይ አይ-20ውን የሚሰጠው ማን ነው፣ ትምህርቶቹስ ኤንሲኤኤ ባጸደቃቸው ዝርዝር ውስጥ አሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኤንሲኤኤ ትራንስክሪፕታቸውን የማይቀበላቸውን ትምህርት ቤቶች በስም ይፋ ማድረጉ ይታወሳል፤ ተማሪዎቻቸው ዓመታቸውን ጨርሰው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

አይ-20 ሲደርስዎ የመጀመሪያውን ገጽ ረጋ ብለው ያንብቡ። ስለ ገንዘብ የሚናገረው ክፍል ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንደኛው የዓመቱ የትምህርትና የኑሮ ወጪ፣ በሌላኛው ደግሞ ያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ተጽፏል። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ብለው የነገሩዎ መጠን እዚያ ላይ በትምህርት ቤቱ ስም በዶላር መሥፈር አለበት። በቃል ሙሉ ነው የተባለው ስኮላርሺፕ በቅጹ ላይ የቤተሰብ ወጪ ሆኖ ከተጻፈ፣ ቆንስሉ የባንክ ማስረጃ የሚጠይቀው እርስዎን ነው። እንግዲህ 1,500 ዶላሩን እንዳይልኩ የለመንኩዎ ለዚህ ነው፤ አካዳሚው ፈቃዱን ሳያሳይ፣ ውሉን በጽሑፍ ሳይሰጥ፣ የቀን ገደብ እያስቀመጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በአንጻሩ 350 ዶላሩ የተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያና 185 ዶላሩ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ የታወቁ የመንግሥት ክፍያዎች ናቸው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለሱም።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ በወረቀት ደረጃ የተሻለ ይመስላል፤ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሙሉ የዓመት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ60 ሺህ ዶላር ስለሚበልጥ 18 ሺህ መጠየቃቸው ከፍተኛ ቅናሽ አድርገው ነው። ግን የቤተሰቡ አቅም 18 ሺህ ካልደረሰ፣ ተበድሮ ከመግባት በፊት የገቢ ማስረጃ አያይዞ ተጨማሪ ድጋፍ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ይህ ለእነርሱ የተለመደ ሥራ ነው። የተማሪ ቅበላ ክፍሉን በስልክ ለማግኘት፣ በኅዳርና በየካቲት መካከል ባሕር ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ቀን እንደሆነ ያስቡ።

አሠልጣኙን ልጁ ራሱ ያነጋግረው፤ ጥያቄዎቹም ስለ ሥራው ይሁኑ። ልጅዎ እዚህ ረጅሙ ስለሆነ ቅርጫቱ ሥር እንደሚጫወት እገምታለሁ። በአሜሪካ ኮሌጅ 1 ሜትር ከ98 የሆነ ተጫዋች በአብዛኛው ከክንፍ የሚጫወት፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥና ከሩቅ የሚወረውር ነው። ስለዚህ “እኔን የት ቦታ ታጫውተኛለህ? በእኔ ቦታ አሁን ስንት ልጅ አለህ?” ብሎ ይጠይቅ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሁለትና ሦስት ቡድን ይይዛሉ፤ ኮሌጅ የሚያየው ግን አንደኛውን ነው። አምና በተጠባባቂነት ተቀምጠው ብዙም ያልተጫወቱ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ መጠየቅም ከኮከቦቹ ዝርዝር የበለጠ ያስተምራል። በተጨማሪ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንድ ዓመት ሳይሰለፉ የመቀመጥ ቅጣት ሳይኖርባቸው ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወር ስለተፈቀደላቸው አሠልጣኞች ልምድ ያላቸውን ዝውውሮች ይመርጣሉ፤ የአዲስ ገቢዎች ቦታ ጠቧል። ቪዲዮውንም ቢሆን የቆረጣችሁትን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጨዋታ ላኩ፤ አሠልጣኝ ልጁ ኳስ ሳይዝ የሚያደርገውን ማየት ይፈልጋል።

ስለ ዕለት ኑሮው ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ጉዳት ቢደርስበት ሕክምናውን የሚሸፍነው የትኛው መድን ነው፣ ማደሪያው በገናና በፀደይ ዕረፍት ሲዘጋ የት ያርፋል፣ የጾም ምግብ ይገኛል ወይ። የውድድሩ ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሆነ ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሠለጥን የሚጾም ልጅ ባቄላ፣ ምስርና ለውዝ የሚያገኝበት ወጥ ቤት ያስፈልገዋል። ይህን ከነፍስ አባቱ ጋርም ከመሄዱ በፊት ይነጋገርበት።

ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ይቆይ ወይ ላሉት፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ እንዳይመዘገብ እመክራለሁ። በየትኛውም አገር ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን ኤንሲኤኤ የኮሌጅ የመጫወቻ ዘመኑን መቁጠር እንዲጀምር ያደርጋል፣ ኋላም እንደ ተዘዋዋሪ ተማሪ ያስቆጥረዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ግን በሙሉ ልቡ ይፈተን፤ ቪዛው ከተከለከለ የሚቀረው ይኸው ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የ2016ቱ ዓመት ስላለ ፖስት ግራዱን እንደ አንደኛ ምርጫ አይውሰዱት። 16ቱ ትምህርቶች በበቂ ውጤት ካሉት፣ በዚሁ ዓመት በቀጥታ ወደ ዲቪዥን ሁለት ኮሌጆች፣ የራሱ የብቁነት ማዕከል ወዳለው ኤንኤአይኤ ወደተባለው ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አባላትና የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ወደሚያወዳድረው ኤንጄሲኤኤ ይጻፍ። ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ ሆኖም ከአባላቱ መካከል በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርተው ለውጭ ተማሪ ሰፊ ድጋፍ የሚያደርጉ አሉ። ትምህርቶቹ ጎድለው ከተገኙ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ለዲቪዥን ሁለት መንደርደሪያ ሊሆነው ይችላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ለቅርጫት ኳስ ውጭ የሚሄዱ ልጆች ወላጆች ትራንስክሪፕት ላይ የደገሙትን ዓመት እንዳላሳይ፣ አንዳንዴም የልደት ዘመን እንዳስተካክል ይማጸኑኛል። ልጁን ልጉዳ ብዬ ነው የምከለክለው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጁን የሚጎዳው ማስተካከሉ እንደሆነ ንገሯቸው። በቪዛ ማመልከቻ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በአሜሪካ ሕግ የዕድሜ ልክ መግቢያ ሊያሳጣ ይችላል፤ ኤንሲኤኤም የተጭበረበረ ትራንስክሪፕት ያገኘበትን ተማሪ ከጨዋታ ያግዳል። የተደገመ ዓመት ሊብራራ ይችላል፤ ከትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ (ሮስተር) ጋር የማይገጥም ትራንስክሪፕት ግን ማብራሪያ የለውም።

ብዙ ልጆች ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ የሚወድቁበት ሌላ ችግር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 2007 ነው የተወለደው፤ 8 መደመር ልማድ ሆኖ ትራንስክሪፕቱ ላይ 2008 ተብሎ ሲጻፍና ፓስፖርቱ 2007 ሲል ልጁ ዕድሜውን የቀነሰ ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ የ9ኛ ክፍል መጀመሪያና የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ዓመትንም እንዲሁ፤ የስሙን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ፣ ትራንስክሪፕቱንም በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ መዝጊያው ላይ አርፎ፣ ከትምህርት ቤቱ ወጪ ቁጥር ጋር ስጡ።