ደረሰኙ ነጣ፣ ፎቶው ቀኑን ሳተ፦ ስለ ካፌ ትዝታዎች የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

ጥያቄ፦ ለዓመታት ከገባሁባቸው ካፌዎች ደረሰኝ እያመጣሁ በአልበም የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ስከፍተው አብዛኞቹ ባዶ ወረቀት ሆነዋል። ምን አጠፋቸው? ጽሑፋቸውስ ይመለሳል?

መልስ፦ ዋናው ተጠርጣሪ ያ የፕላስቲክ ኪስ ነው። የካፌ ደረሰኝ በቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ በመሆኑ፣ የማሽኑ ትኩስ ጫፍ የነካው ቦታ ሁሉ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ይህ ጥቁረት ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ፒቪሲ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ወረቀቱ ይገባና ፊደሉን ያነጣዋል። ፕላስተር፣ የእጅ ቅባት፣ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ፣ ፀሐይና እርጥበትም ያንኑ ያደርጋሉ። ብዙ ሙቀት ግን በተቃራኒው ወረቀቱን በሙሉ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ደረሰኝ ለማዳን ብለው በላሚኔሽን ማሽን እንዳያሳልፉት፤ ከል ለብሶ ይወጣል።

የፈዘዘ ነገር ግን ጨርሶ ያልጠፋ ጽሑፍ ተስፋ አለው። በስካነር 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም ያንሱት። ከዚያ በፎቶ ማስተካከያ ኮንትራስቱን ከፍ አድርገው ቀለሙን ይገልብጡት፤ በዓይን የማይታይ ፊደል ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ብቅ ይላል። ወረቀቱን በፀጉር ማድረቂያ በቀስታ ማሞቅም አንዳንዴ ይሠራል፤ ዙሪያው ይጠቁርና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይለያል። ይህ ግን ወደኋላ የማይመለስ ሙከራ ስለሆነ አስቀድመው ስካን ያድርጉ፤ መጀመሪያ የሚሞክሩትም ቢጠፋ በማይቆጭዎት ደረሰኝ ላይ ይሁን።

ከእንግዲህ ወዲህ የሚያገኟቸውን በዚያው ቀን ፎቶ አንስተው፣ ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ ቀዝቀዝና ጨለም ባለ መሳቢያ ያስቀምጡ። እውነቱን ለመናገር ደረሰኝ የሚይዘው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የታዘዘውን ብቻ ነው፤ በደብተር አንድ መስመር ይበቃዋል። ከማን ጋር እንደነበሩ፣ የትኛው ጥግ እንደተቀመጡ፣ ስለምን እንዳወሩ ግን የትኛውም ማሽን አያትምልዎትም። ያንን በዚያው ምሽት ይጻፉት።

ጥያቄ፦ የስኳር ከረጢቶችንና የካፌ ስም ያለባቸውን የወረቀት ኩባያዎች እሰበስባለሁ። ጉንዳን አስቸገረኝ።

መልስ፦ ስኳሩን ያውጡት። ከረጢቱን ከሥር ስፌቱ ላይ በምላጭ ቀድደው ያራግፉና ጠፍጣፋ አድርገው መጽሐፍ ውስጥ ይጫኑት። ኩባያውን በለብ ያለ ውሃ አለቅልቀው፣ ደፍተው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ፤ ወተት የቀረበት ኩባያ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ብዙ ፎቶ ያነሳሁባቸውን ካፌዎች ምንም ካላነሳሁባቸው ባነሰ ነው የማስታውሳቸው። ፎቶዎቹም ስልክ ስቀይር የተሳሳተ ቀን ይዘው ተደበላልቀዋል።

መልስ፦ የመጀመሪያው የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የሙዚየም ጎብኚዎች ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች ዝም ብለው ካዩዋቸው ባነሰ አስታውሰዋል። የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ሲያነሱ ግን ይህ ጉድለት አልታየም። ስለዚህ አዳራሹን በሙሉ ሃያ ጊዜ ከማንሳት አንድ ነገር መርጠው፣ ለምሳሌ የዋጋ ሰሌዳውን ወይም የጠረጴዛውን ሸራፋ ጠርዝ፣ ቀርበው ያንሱና ስልኩን ኪስዎ ይክተቱ።

ቀኑን በተመለከተ፦ ስልክዎ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት፣ ከፈቀዱለትም ቦታውን፣ በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲልኩት ግን ምስሉ ይታመቃል፣ ይህ መረጃም ይጠፋል። «እንደ ፋይል» ብለው ቢልኩት ሳይነካ ይደርሳል። ስልክ ሲቀይሩም በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ቀኑ አስቀድሞ ለጠፋባቸው፣ በተመሳሳይ ዕለት የተላኩ መልእክቶችን ማየት ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የምወደው ካፌ ተዘግቷል። የማኪያቶውን ጣዕም ቤት ውስጥ መልሼ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም መቅረብ ይቻላል። ማሽኑን ከመንካትዎ በፊት ግን የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ፤ የአዲሱ ሙከራ ጣዕም በአሮጌው ላይ ይደረብና ሁለቱን መለየት ያቅትዎታል። ሲኒው 60 ሚሊ ሊትር ይይዝ ነበር ወይስ 150? ወፍራም ሸክላ ነበር ወይስ ብርጭቆ? አረፋው ደረቅ ነበር ወይስ እንደ ክሬም የለሰለሰ? ወፍራም ክሬማ (ኤስፕሬሶው ላይ የሚንሳፈፈው ቡናማ አረፋ) እና ጠንከር ያለ ምሬት ከነበረው፣ ጠቆር ተደርጎ የተቆላና ሮቡስታ የተባለው የቡና ዓይነት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ከሆነ ለስለስ ብሎ የተቆላ አረቢካን ይሞክሩ።

መነሻ ልኬት፦ 18 ግራም የተፈጨ ቡና፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ኤስፕሬሶ፣ ውሃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ቶሎ ፈስሶ ከኮመጠጠ ፈጨታውን ያድቅቁ፤ ተንጠባጥቦ ዘግይቶ ከመረረ ሻካራ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ፈጨታውንም መጠኑንም አብረው ከነካኩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ወተቱን ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ያሙቁ። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ቀንሶ የተቀቀለ ወተት መሽተት ይጀምራል። ምድጃ ላይ የሚጣድ ጀበና መሰል የጣሊያን ማፍያ ካለዎት ጣዕሙን እንጂ ክሬማውን አይጠብቁ፤ ኤስፕሬሶ ማሽን ውሃውን በ9 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ ሲገፋ የማፍያው ግፊት ግን ከ1 እስከ 2 ባር ብቻ ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ «አሁንም አንድ ነገር ጎደለው» ካሉ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ውሃ ነው፤ ክሎሪን የሚሸት ወይም በጣም ጨው የበዛበት ውሃ ጣዕሙን ይለውጣል፤ የተጣራ ይሞክሩ። ሁለተኛው አፍንጫዎ ነው። ካፌ ሲገቡ የሚቀበልዎት የቡና ሽታ የመጠጡ ግማሽ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ሲፈጩና ሲያፈሉ አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ይለምደውና መሽተቱን ያቆማል። ሌላ ሰው ያፍላልዎት፤ እርስዎ ውጭ ቆይተው ሲኒው ሲቀዳ ይግቡ።