የሰፈር መጎሳቆልና የአረጋውያን የማሰብ ችሎታ፦ ጥያቄና መልስ

ድህነት የተጫነው ሰፈር የአረጋውያንን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ እንዴት እንደሚነካ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰፈር «የተጎሳቆለ» የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

መልስ፦ የሚለካው የአንድ ቤተሰብ ኪስ ሳይሆን የአካባቢው ሁኔታ ነው። በእንግሊዝ የሚሠራበት መለኪያ ገቢን፣ ሥራን፣ ትምህርትን፣ ጤናን፣ ወንጀልን፣ የቤትና የአገልግሎት አቅርቦትን እንዲሁም የመኖሪያ አካባቢውን ይዞታ አጣምሮ፣ በአማካይ 1,500 ያህል ነዋሪ ላላቸው ትናንሽ አካባቢዎች ደረጃ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ሰፈር አንጎል ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው በደም ሥር በኩል ነው። የመኪና ጭስ የበዛበት አየር፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጫጫታ፣ የማያባራ ስጋትና በቅርብ የማይገኝ ሕክምና የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያባብሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ለአንጎል ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ሁለተኛው መንገድ ከቤት መውጣትን የሚመለከት ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሚገባው በታች ትኩረት የተሰጠው እሱ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት የ75 ዓመት እናት የእግረኛ መንገዱ የተቦረቦረ፣ አረፍ የሚሉበት አግዳሚ ወንበር የሌለው፣ ሲመሽም መብራት የማይበራበት ቢሆን፣ መጀመሪያ የማታውን ጉዞ፣ ቀጥሎ የቀኑን ይተዋሉ። እግራቸው ሲታሰር ወሬ የሚጫወቱት ሰው ይቀንሳል፣ የመድኃኒት ቀጠሯቸውም ይዘለላል። የመንገድ መሻገሪያ መብራት እንኳ የራሱ ድርሻ አለው፤ በእንግሊዝ መብራቱ ለመሻገር የሚሰጠውን ጊዜ ለመወሰን ሲሠራበት የቆየው ስሌት እግረኛው በሰከንድ 1.2 ሜትር እንደሚራመድ የሚቆጥር ሲሆን፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አብዛኞቹ ሰዎች ግን ከዚያ ያነሰ ፍጥነት አላቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የግለሰቡ ድህነት ውጤት ሊሆን አይችልም? ሰው እኮ ሰፈሩን የሚመርጠው በአቅሙ ነው።

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዘርፉም ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ከዚህም በላይ የማሰብ ችሎታው መዳከም የጀመረ ሰው ገቢው ቀንሶ ርካሽ ወደሆነ ሰፈር ሊዛወር ስለሚችል፣ ምክንያትና ውጤቱ ሊገለባበጡ ይችላሉ። ተመራማሪዎች የግል ገቢንና ትምህርትን በስሌት ለይተው ለማየት ቢሞክሩም ማጣሪያው ሙሉ አይሆንም። የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው ሰዎች ሰፈራቸውን ራሳቸው ካልመረጡበት አጋጣሚ ነው። ስዊድን ከ1987 እስከ 1991 ስደተኞችን በየአካባቢው ስትመድብ፣ ይበልጥ ወደተጎሳቆሉ ሰፈሮች የተላኩት በኋለኞቹ ዓመታት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ስለ መርሳት በሽታ በቀጥታ አይናገርም፤ የስኳር በሽታ ግን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ በአንጎል ምስል ላይ የታየ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ የማሰብ ችግር ካልታየባቸው 951 ሰዎች መካከል እጅግ በተጎሳቆሉት 20 በመቶ ሰፈሮች የሚኖሩት፣ ሂፖካምፐስ የተባለው ለትውስታ ወሳኝ የሆነ የአንጎል ክፍል መጠኑ በ4.1 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ያልቀመሱ አረጋውያን በማሰብ ችሎታ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ማምጣታቸው እንደ በሽታ አይቆጠርባቸውም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቆጠርባቸዋል፣ ስህተትም ነው። ከአንድ ቀን ውጤት ይልቅ ያው ሰው ከዓመታት በኋላ ከራሱ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ያሳየው ለውጥ ይበልጥ ይታመናል።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ሰፈር ለመቀየር አቅም የለንም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አቅም ቢኖራችሁም መዛወርን ቀዳሚ ምክር አላደርገውም፤ ለአረጋዊ ሰው የለመዱትን ጎረቤት ማጣት ራሱ ጉዳት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። አባትዎን የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ያስለኳቸው፤ የመስማትና የማየት ችሎታቸውንም ያስመርምሩላቸው፤ ሲወጡም አብሯቸው የሚራመድ ሰው ይኑር። የመንገዱ መብራትና የእግረኛ መንገዱ ጥገና ግን የቤተሰብ ሸክም ሊሆን አይገባም፤ እሱን መጠየቅ ያለበት የአካባቢው አስተዳደር ነው።