መልስ፦ «ለብሳለች» ለምን «ሺ ኢዝ ዌሪንግ» ይሆናል?

«ለብሳለች» ያለቀ ነገር ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው ለምን «ሺ ኢዝ ዌሪንግ» ይላል ላልከው፦ አማርኛ መልበሱን ነው የሚያየው፤ ድርጊቱ አልቋል፣ ውጤቱ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ግን ልብሱ ገላዋ ላይ ያለበትን ጊዜ ሁሉ እንደሚቀጥል ነገር ይቆጥረዋል። «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ተኝቷል»ም እንዲሁ ናቸው፦ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ስታንዲንግ»፣ «ስሊፒንግ»። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ካልክ ሰሚው ሰውዬው ነቅቷል ብሎ ሊረዳ ይችላል።

«እየለበሰችው ነው» ስትል ግን ገና እጅጌውን እያስገባች ነውና «ሺ ኢዝ ፑቲንግ ኢት ኦን» በል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እየ» ባየ ቁጥር የእንግሊዝኛው ግስ መጨረሻ ላይ አይ ኤን ጂ (-ing) ሲለጥፍ ነው። «እየገባኝ ነው» በተለምዶ «አይ አም አንደርስታንዲንግ» አይባልም፤ «አይ አም ስታርቲንግ ቱ አንደርስታንድ» ነው። «ኖው» (ማወቅ) እና «ቢሎንግ» (የአንድ ሰው መሆን)ማ እንደ «ኢዝ ዌሪንግ» ባለ አነጋገር በተለምዶ አይ ኤን ጂ አይቀበሉም።