ጌሾው ለማን ነው?

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ከእናንተ አንዷ «ጋሼ፣ የምጽፈው ልብ ወለድ ሦስተኛው ቅጽ ታሪኩ አልቋል፤ እኔ ግን በውስጡ ያሉትን ሰዎች መሸኘት አቃተኝ» ብላ ጻፈችልኝ። መልስ ጀመርኩላትና ረዘመብኝ። እንግዲያው ለሁላችሁም ይድረስ አልኩ።

እኔም ከዚህ በሽታ አልዳንኩም። ስለ አንድ ሰፈር ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። 11 ዓመት ፈጅቶብኛል። የሰፈሩ እምብርት አንዲት ጠላ ሻጭ ናት። ስም እንኳ የላትም። መጀመሪያ ሳስባት ሁለት ገጽ ላይ ብቅ ብላ የምትጠፋ ነበረች። ስም ማውጣት ታከተኝና «እትዬ» ብያት አለፍኩ። እሷ ግን አልሄደችም። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ስንደርስ እድሩን የምታሽከረክረው፣ ባልና ሚስት የምታስታርቀው፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር የምትገስጸው እሷ ሆና አረፈችው።

የመጨረሻዋን ገጽ ጽፌ በሳምንቱ ሾላ ገበያ ሄድኩ። በርበሬ ልገዛ ነው። ጌሾ የተቆለለበት ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ሻጯ «ቅጠሉን ነው እንጨቱን?» አለችኝ።

«የምትጠምቀው ጠላ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቅጠሉን ይውሰዱላት። ባለቤትዎ ናት?»

ዝም አልኩ። ምን ልበላት? ግማሽ ኪሎ አስመዝኜ፣ ከፍዬ፣ በርበሬውን ረስቼ ቤቴ ገባሁ። እኛ ቤት ጠላ ከተጠመቀ ዘመን የለውም።

እንዲህ ሲደርስባችሁ አትፈሩ። ለቅሶ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከባዱ ቀን ድንኳኑ የተነሳ ቀን ነው። ወንበሩ ተመልሶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ግቢው ጭር ሲል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከዘመድ በላይ ኖራችኋል። ዘመድ ለበዓል ነው የሚመጣው። እነሱ ገና ቡና ሳይፈላ ይቀሰቅሷችኋል። ስለዚህ እዘኑ። ችግር የሚመጣው ሐዘናችንን መጽሐፉ ውስጥ የከተትነው እንደሆነ ነው።

የአገራችንን አሸኛኘት አስቡት። እንግዳው «በቃ ልነሳ» ይላል። «አረ ተቀመጥ!» ይባላል። ይነሳል። ሳሎን ቆሞ ያወራል። በር ላይ ያወራል። ግቢው በር ላይ ደግሞ ዋናው ወሬ ገና ይጀመራል። ለኑሮ ደስ ይላል። ልብ ወለድ ግን አይችለውም።

የእኔ የመጨረሻ ምዕራፍ መጀመሪያ 62 ገጽ ነበር። አገር ምድሩ እትዬን ሊሰናበት መጣ። የተጣላ ሁሉ ታረቀ። አሜሪካ የገባው ልጅ ከዋሽንግተን ሻንጣ ሙሉ ጫማ ይዞ ከች አለ። ሁለት ሰርግ፣ አንድ ክርስትና። አርታኢዬ በእናንተ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። 40ኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ጋሼ፣ በር ላይ አቆሙን» ብላ ጻፈች። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። ስልኳንም አላነሳሁም። እውነቷን እኮ ነው። አንባቢው ኮቱን ለብሶ ቆሟል፤ እጁን ይዤ አልለቅም ያልኩት እኔ ነኝ።

ምዕራፉን 9 ገጽ አደረግኩት። ሰርጎቹ ተሰረዙ። የአሜሪካው ልጅም እዚያው ቀረ። እትዬ ለበዓል ልትጠምቅ ጋኑን ታጥባለች። ግራዋው ያልቅባታል። የጎረቤት ልጅ ጠርታ «ሮጥ በል፣ ቅጠል አምጣልኝ» ትለዋለች። ልጁ ሳይመለስ መጽሐፉ ያልቃል። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሰውዬውን ስትለዩት እጁ ሥራ ላይ ይሁን። ሥራ የያዘ ሰው ቆሞ አይሰናበትም። እናንተ ከሄዳችሁም በኋላ የሚኖር ይመስላል።

ፈረንጆቹም ከዚህ አልዳኑም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ስለ አንድ ምናባዊ አውራጃ ስድስት ልብ ወለድ ጽፏል። እዚያ ውስጥ ሀገረ ስብከቱን በምላሷ የምታስተዳድር የጳጳስ ሚስት አለች (የእነሱ ጳጳስ ያገባል)። አንድ ቀን ለንደን አንድ ክበብ ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ ሁለት ቄሶች ሲያሙት ሰማ። ያንኑ ሰው ደጋግሞ ያመጣል፣ በተለይ ያቺ ሴትዮ ሰለቸችን ይላሉ። ብድግ ብሎ «ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ቤቴ ሄጄ ሳምንቱ ሳያልቅ እገድላታለሁ» አላቸው። እንዳለውም አደረገ። የተከታታዩ የመጨረሻ መጽሐፍ ታትሞ ያለቀው እንደ ፈረንጆቹ በ1867 ነው። በኋላ ግለ ታሪኩ ላይ ተጸጽቷል። አሁንም ከመንፈሷ ጋር እንደሚኖር ጽፏል። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ግን ሐሜት ሰምታችሁ ማንንም አትግደሉ።

ኮናን ዶይል ደግሞ የፈጠረው መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ አንገፍግፎት በ1893 ስዊዘርላንድ ካለ ፏፏቴ ጣለው። እናቱ ቀደም ብለው «ተው» ብለውት ነበር። በ1903 መልሶ አመጣው፤ እስከ 1927ም አብሮት ኖረ። ተማርሮ መሸኘትም መሸኘት አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉም ብልኋ አጋታ ክሪስቲ ናት። የፈጠረችውን መርማሪ የፖይሮን የመጨረሻ ታሪክ የጻፈችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ቆልፋ አስቀመጠችው። የታተመው በ1975 ነው፤ ያኔ ኒውዮርክ ታይምስ እንደ እውነተኛ ሰው በፊት ገጹ ሞቱን ዘገበ። እናንተ 30 ዓመት ጠብቁ አልልም። መጨረሻውን ግን ገና ሳትደክሙ፣ ሆድ ሳይብሳችሁ ጻፉት። ሲደርስ ትቀይሩት ይሆናል። ቢያንስ ሳታለቅሱ የጻፋችሁት አንድ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ይኖራችኋል።

አራተኛ ቅጽስ? ይመጣባችኋል። አሳታሚው ይጠይቃል፣ አንባቢው ይጠይቃል፣ የራሳችሁ ሆድ ይጠይቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከዚያ በላይ ውሃ ቢጨመርበት ጀበናው አይናገርም፤ ስኒውን ያነሳ ሰው ግን ያውቃል። እኔ አላመንኩምና 80 ገጽ ጻፍኩ። እትዬ ተቀምጣለች። ሰው ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ምንም አይፈጠርም። ልክ እንደ ፎቶ አልበም። ስለ እሷ የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ናፍቃኝ ነው እንጂ። ስለዚህ አላሳተምኩትም። አልቀደድኩትምም። ዝናብ ሲሆን አውጥቼ ለራሴ አነበዋለሁ። ይህን ማድረግ ኃጢአት የለበትም።

ጌሾው እስካሁን ወጥ ቤት በር ጀርባ በፌስታል ተንጠልጥሏል። ለፋሲካ ባለቤቴ ቤት ስታጸዳ አወረደችው።

«ይህን ወይ ልጥመቅበት ወይ ልጣለው» አለችኝ።

«እስቲ ትንሽ ይቆይ» አልኳት።

መጽሐፉን ሦስቴ አንብባዋለች። ፌስታሉን መልሳ እየሰቀለች፣ «እሱስ ይቆይ፤ ያ ልጅ ግራዋውን መቼ ሊያመጣ ነው?» አለችኝ።