«አምቦ» ውኃው አይደለም

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ 12 ዓመት ኖሬ ከሁለት ወር በፊት ወደ ሜልበርን ተዛወርኩ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ አይቸግረኝም ብዬ ነበር፤ አለቃዬ ጠዋት ሥራ ሲያከፋፍል ግን ግማሹ ያመልጠኛል። በዚያ ላይ ሰሞኑን የሥራ ባልደረቦቼን በአሜሪካኛው «ማንን ነው የምትደግፉት?» ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ምን ብያቸው ይሆን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ያሳቃቸው «ሩት ፎር» ማለትዎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቡድን መደገፍ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ግን «ሩት» የግብረ ሥጋ ግንኙነት የብልግና ስሙ ነው። እዚያ ደጋፊ «ባራክ ፎር» ነው የሚለው።

ስለዚህ ጥናቱን ከሚያውቋቸው ቃላት ይጀምሩ። እንግዳ ቃል ሲሰሙ ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ጣጣ የሚያመጣው አውቀዋለሁ ብለው የሚያልፉት ነው። «ቶንግስ» አሜሪካ የውስጥ ሱሪ ነበር፣ አውስትራሊያ ነጠላ ጫማ ነው። «ፒስድ» የተባለ ሰው ሰክሯል እንጂ አልተናደደም። የወገብ ቦርሳዎን «ፋኒ ፓክ» አይበሉት፤ «ፋኒ» የሴት ብልት ነውና «በም ባግ» ይበሉ። ምግብ ቤት ገብተው «አንትሬ» ቢያዙ ማስጀመሪያው ይመጣልዎትና ጾምዎን ያድራሉ። «ብሪንግ ኤ ፕሌት» ብለው ከጋበዙዎት ሰሃን አጥተው አይደለም፤ ለሌላውም የሚዳረስ ምግብ ይዘው ይምጡ ማለታቸው ነው። «ሻይ ላምጣልህ?» ሲባል «አይም ራይት» ያለ ሰው ደግሞ «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው።

የአለቃዎ ንግግር የሚያመልጥዎ ቃላቱ ስለሚቆረጡ ይመስለናል። የቃሉን መጀመሪያ ይይዙና «ኦ» ወይም «ኢ» ይቀጥሉበታል። «አፍተርኑን» (ከሰዓት በኋላ) «አርቮ» ይሆናል፤ «ዚስ አርቮ» በፍጥነት ሲነገር ደግሞ «ሳርቮ» ብቻ ይሰማል። ይህችን አንዷን ጆሮዎ ከለመዳት የቀን ሥራዎን ሰዓት አይስቱም። ነዳጅ ማደያው «ሰርቮ»፣ መጠጥ መሸጫው «ቦትሎ»፣ የመኪና ምዝገባ «ሬጆ»፣ ኤሌክትሪሺያኑ «ስፓርኪ»፣ አናጢው «ቺፒ» ነው። «ስሞኮ» የሻይ ዕረፍት ነው፤ ሲጋራ ባያጨሱም ለእርስዎም ይገባል። «ኦ» ይሁን «ኢ» የሚለይ ሕግ ግን የለም። የአምቡላንስ ሠራተኛው «አምቦ» ሲሆን ፖስታ አዳዩ «ፖስቲ» ነው፤ ስለዚህ ከራስዎ አይፍጠሩ፣ የሰሙትን ብቻ ይያዙ። አምቦን ካነሳን አይቀር፣ የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 911 ሳይሆን 000 ነው። ለልጆችም ዛሬውኑ ያስጠኗቸው።

«ሃው ያ ጎይንግ?» ወዴት ትሄዳለህ ማለት አይደለም፤ እንደ እኛው «እንዴት ነህ» ነው። «ጉድ፣ ታንክስ፤ ዩ?» ብለው ይለፉት። «የህ፣ ናህ» ሲሉዎት የመጨረሻውን ይያዙ፤ እምቢ ነው። «ናህ፣ የህ» እሺ ነው። «ማይ ሻውት» ያለ ሰው የዚህን ዙር ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ ማለቱ ነው። እኛ ሒሳብ ለመክፈል እጅ ለእጅ እንያያዛለን፤ እዚያ ግን ተራ ነው። ቡናም ቢሆን የሌላውን ጠጥቶ የራስን ተራ ሳይከፍሉ መሄድ ያስቀይማል፤ መካፈል ካልፈለጉ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ቤት ስፈልግ ማስታወቂያው ላይ 500 ዶላር ይላል። ደመወዝሽ ደግሞ በ«ፎርትናይት» ነው ተባልኩ። እንዴት ላስላው?

መልስ፦ አውስትራሊያ ውስጥ የኪራይ ማስታወቂያ የሚወጣው በሳምንት ዋጋ ነው፤ እንደ አሜሪካው የወር እንዳይመስልዎት። በ4 አያባዙት፤ ወሩ ከአራት ሳምንት ስለሚበልጥ ይጎድልብዎታል። በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉ፤ 500 ዶላሩ በወር 2,167 ገደማ ይሆናል። «ፎርትናይት» ሁለት ሳምንት ነው፤ ደመወዝዎ በዓመት 26 ጊዜ ይገባል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ የሁለት ሳምንት ኪራይ፣ ማለትም 1,000 ዶላር፣ ነጥለው ያስቀምጡ።