መልስ፦ የኮንዶሚኒየም ግቢን ከነዋሪው ጋር ስለ ማቀድ
«ኮሚቴው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢያችንን በሙሉ ሳር ሊያለብሰው ነው፤ ነዋሪውን በእቅዱ እንዴት እናሳትፍ?» ላሉት፦

ከስብሰባ አትጀምሩ፤ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየጣለ ጥላ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩና ጎርፉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚተኛ በወረቀት ንደፉ። የታችኛው ፎቅ ነዋሪዎች ይህን ከመሐንዲሱ በላይ ያውቁታል። ከዚያ ጠይቁ፦ በርበሬ የሚሰጣው የት ነው? ልጆች የት ይጫወታሉ? የለቅሶ ድንኳን የት ይተከላል? ይህ ሳይታወቅ የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያው ለቅሶ ይረገጣል።

ሳሩን ለልጆች መጫወቻ ብቻ አስቀሩት። የከተማው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በበጋ ሳር የሚጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ያውም በፈረቃ የሚመጣ! በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የጣለ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግን 1,000 ሊትር ገደማ ነው፤ አጠራቅሙት ወይም ወደ ዛፎቹ ምሩት። ወይራና ሬት ከጸደቁ በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቁም። መሬታችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ውሃውን ከሕንፃው መሠረት አርቁ፤ አፈሩ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የማጠጣቱን ተራ ችግኝ ሳይገዛ በፊት በየብሎኩ ተስማሙበት። «የጥበቃው ሥራ ነው» ከተባለ እስከ ጥር የሚተርፍ ችግኝ አይኖርም።